የቆየ መኪና የበር መስተዋትና መያዣው



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። ይህችም ከመኪና በር ውጭ ሆና ከኋላችን የሚመጣውን የምታሳየን መስተዋት፥ በተለመደው አነጋገር ስፖኪዮ የምንላት ናት። እንዲያውም ንግግሬ ስለ መስተዋቷ ሳይሆን፥ መስተዋቷን ከበሩ ጋር አጥብቆ ስለሚይዘው እግር፥ ስለ ብሎኑና ብሎኑ ስለሚገባበት ቀዳዳ ነው። «ለዚህማ ንግግር ምን ያስፈልገዋል? የላላውን ማጥበቅ አይደለምን?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እኔም ራሴ እንደዚሁ አስብ ነበር። ይህ አሳብ እንዴት እንዳሳፈረኝ በመጀመሪያ ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስዋገን፥ በልማድ ቮልስ የምንላት መኪና፥ ከአባቴ ወርሻለሁ። የግራ በሯ ስፖኪዮ ከጥቂት ዓመታት በፊት መነቃነቅ ጀመረ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድሁት። ሠራተኛውም የሰፋውን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍኖ፥ ቀለም ቀብቶ፥ ከቀድሞው ወፈር ያለ ቪት አስገብቶ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ መለሰልኝ። ላይ ላዩን ሲያዩት እጅግ ያማረ ሥራ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን እንደገና ላላ። እኔም «ነገ አሠራዋለሁ» እያልሁ ሁለት ሳምንት አሳለፍሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን፥ በነሐሴ ወር፥ ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ መንገዱ አንገጫገጨኝና መስተዋቱ ራሱን ደፋ። ከዚያ በኋላ የሚያሳየኝ አስፋልቱን ብቻ ነበር። ከፊቴ አንድ ታክሲ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቆመ። እኔም በውስጠኛው መስተዋት ብቻ አየት አድርጌ ወደ ግራ ወጣሁ። ለካ በግራዬ በኩል አንድ ወጣት በብስክሌት ይመጣ ኖሯል። ልጁ ፈጥኖ ፍሬን በመያዙና ወደ ጥግ በመሸሹ ከመኪናዬ ጋር አልተጋጨም፤ ነገር ግን ወደቀ፥ ጉልበቱም ተላጠ። ወርጄ ሳነሣው፥ አንዳች ስድብ ሳይናገር፥ «ጋሼ፥ አላዩኝም እንዴ?» ብቻ አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? «መስተዋቴ መላላቱን ካወቅሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል» ብዬ እውነቱን ልናገር? ቁስሉን አሳጥቤ ወደ ቤቱ አደረስሁት። ያ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር ንቄ የቈየሁ መሆኔን ያን ቀን ተረዳሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። መስተዋት ከመኪና ጋር አብሮ የተፈጠረ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት መኪና ነጂ ከኋላው ያለውን ለማየት አንገቱን መጠምዘዝ ነበረበት። ዶሮቲ ሌቪት የተባለች እንግሊዛዊት ነጂ እ.ኤ.አ. በ1909 «ሴቷና መኪናው» የተባለ መጽሐፍ ባሳተመች ጊዜ፥ መኪና የምትነዳ ሴት ትንሽ የእጅ መስተዋት ከአጠገቧ እንዳታጣና አልፎ አልፎ ከፍ አድርጋ ከኋላዋ ያለውን እንድታይበት መክራለች። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1911፥ በአሜሪካ አገር በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የመጀመሪያው የ500 ማይል የመኪና እሽቅድምድም ተደረገ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ከኋላ የሚመጣውን የሚነግራቸው መካኒክ በጎናቸው ሲያስቀምጡ፥ ሬይ ሐሮን የተባለው ነጂ ብቻውን ተቀምጦ ከፊቱ መስተዋት አስተከለ፤ ውድድሩንም አሸነፈ። ዳሩ ግን በኋላ ራሱ እንደ ተናገረው፥ መንገዱ በጡብ የተነጠፈ ስለ ነበረ መስተዋቱ እጅግ እየተንቀጠቀጠ እምብዛም አላየበትም። እንግዲህ የመስተዋት ችግር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመያዣው ችግር እንደ ነበረ ከዚህ ታሪክ እንረዳለን። መስተዋት ምንም ንጹሕ ቢሆን፥ መያዣው ካልጸና ዐይን አይሆንም።

በአገራችንም ይህ ነገር የራሱ ምክንያት አለው። በ1956 ዓ.ም. በሰኔ ወር ኢትዮጵያ የመኪና መንገዷን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውራለች። ከዚያ ወዲህ መሪው በግራ የሆነ መኪና የሚነዳ ሰው ሌላውን የሚቀድመው በግራ በኩል ነው። ከመንገድ ጥግ ተነሥቶ ሲወጣም የሚያቋርጠው የግራውን ወገን ነው። ስለዚህ የግራው ስፖኪዮ የአደጋው በር ጠባቂ ነው ማለት ይቻላል።

ቮልስዋገንን ለምሳሌ የመረጥሁት ያደግሁባት ስለ ሆነች ብቻ አይደለም። ይህች መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋም እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ወጥታለች። በአዲስ አበባም ዛሬ ድረስ ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ይታያሉ። የስፖኪዮዋ አተካከል ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 በተሠሩት ላይ የመስተዋቱ ክንድ የሚተከለው በበሩ የላይኛው ማጠፊያ ፒን ስፍራ ነው፤ የበሩ ላሜራ ከቶ አይበሳም። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ባሉት ግን መስተዋቱ የሚታሰረው በበሩ በራሱ ላይ ነው። በእኔ መኪና ላይ የደረሰው ከሁለቱም የከፋ ነው። የማጠፊያው መስተዋት ከጊዜ ብዛት ስለ ጠፋ፥ አንድ ሰው በሩን በሁለት ስፍራ በስቶ ከሌላ መኪና የመጣ ስፖኪዮ በሁለት ቪት አስሮበታል። በአገራችን በሚነዱት በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ላይ የሚታየውም እንዲህ ያለው ነው።

አሁን «ለምን ይላላል?» ብለን እንጠይቅ። ምክንያቱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የክንዱ ርዝመት ነው። ስፖኪዮ እንደ ዶማ እጀታ ነው፤ በጫፉ ላይ ያረፈ ትንሽ ኀይል በሥሩ ላይ ትልቅ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል፥ መንገደኛ ሲያልፍ በክርኑ 10 ኪሎ በሚያህል ኀይል መስተዋቱን ገፋው እንበል። ክንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ሁለቱ ቪቶች በ3 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፥ አንዱን ቪት ነቅሎ ለማውጣት የሚስበው ኀይል ወደ 50 ኪሎ ይደርሳል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምንም አይደለም፤ የመንገዱ መንገጫገጭ ግን አነስ ባለ ኀይል በየቀኑ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋግመዋል። ብረትም እንደ ሰው ይደክማል፤ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ከቀዳዳው ጠርዝ ጀምሮ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው የላሜራው ቅጥነት ነው። የበሩ ላሜራ ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ነው። የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርሶች ደግሞ በ1 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። እንግዲህ በላሜራው ላይ በቀጥታ የተጠመዘዘ ብሎን የሚነክሰው በአንድ ጥርስ ብቻ ነው ማለት ነው። ያው ብሎን ከበስተኋላ በዳዶ ቢታሰር ግን፥ የዳዶው ውፍረት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ በአምስት ጥርስ ያህል ይነክሳል። በአንድ ጥርስ የነከሰ ሲላላ ወፈር ያለ ቪት ማስገባት፥ ቀዳዳውን ማስፋት እንጂ መያዣውን ማጠንከር አይደለም።

ሦስተኛው ውሃ ነው። በክረምት ወራት ዝናቡ በተላላው እግር ሥር ይገባል። በዚያም ቀለሙ የተቧጠጠ ባዶ ብረት ያገኛል። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ብዙ ስፍራ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ እያነሣ ይሄዳል። ወደ ውስጥ የገባውም ውሃ ወደ በሩ ግርጌ ይወርዳል። በበሩ ግርጌ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነዚህ በአቧራና በጭቃ ከተደፈኑ ውሃው እዚያው ይከማቻል፥ በሩም ከታች ይበላል። ስለዚህ ላይኛዋን ትንሽ ቀዳዳ የናቀ ሰው በመጨረሻ ሙሉ በር ሊገዛ ይገደዳል።

በስቱኮ መድፈን የማይጠቅምበትም ምክንያት ከዚህ ግልጽ ነው። ስቱኮ ጐድጓዳን አስተካክሎ ለቀለም ማዘጋጃ ነው፤ ክብደት ለመሸከምና ብሎን ለመያዝ አልተሠራም። በንቅናቄ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ አስገብቶ ዝገቱን ከዐይን ይሰውረዋል። የማይታይ ዝገት ደግሞ ከሚታየው ይልቅ ክፉ ነው።

ከልጁ መውደቅ በኋላ ወደ አንድ ሽማግሌ ላሜራ ሠሪ ሄድሁ። መስተዋቱን በሁለት ጣታቸው ነቅነቅ አደረጉና፥ «ልጄ፥ ይኸ የመስተዋት ሕመም አይደለም፥ የበሩ ነው። ቤት ሲያዘነብል ምስማሩን አንወቅሰውም» አሉኝ። ከዚያም አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳዩኝ። እኔም እንደ ተማርሁት ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ መፍታት ነው። የዛገ ብሎን በኀይል አይፈታም። ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት ቀብቶ ማሳደርና በማግሥቱ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፥ ጥቂት ወደ መፍታት እያመላለሱ ማላቀቅ ይገባል። ካቻቢቴውም ከቪቱ ራስ ጋር በትክክል የሚገጥም ይሁን፤ አለዚያ ራሱን ይበላዋል። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ያለው የአገራችን ሰው ብሎን ሲፈታ አይቶ ይመስላል።

ቀጥሎ የበሩ የውስጥ ልባስ ይወጣል። የመስኮቱ ማዞሪያና የበሩ መክፈቻ እጀታ ይፈቱና፥ ልባሱን የያዙት ቅንጥቦች በሰፊና ልስልስ መፈልቀቂያ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ከልባሱ በስተኋላ ውሃ የሚከለክል ሽፋን ይገኛል። ብዙ ሠራተኛ ይህን ቀዶ ይጥለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ሽፋኑ ከሌለ በበሩ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ልባሱን ያበሰብሰዋል፥ ወደ ወለሉም ይገባል። ስለዚህ በጥንቃቄ ተነሥቶ ይቀመጥ፤ ከተቀደደም በወፍራም ላስቲክ ይተካ።

ሦስተኛው መመርመር ነው። ስቱኮውና ቀለሙ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ይፋቃል። ላሜራው ጤነኛ ሆኖ ቀዳዳው ብቻ የሰፋ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከቀዳዳው የሚነሣ ስንጥቅ ካለ፥ የስንጥቁ ጫፍ ተፈልጎ በ3 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ይበሳል፤ ክቧ ቀዳዳ ስንጥቁ ወደ ፊት እንዳይሄድ ታግደዋለች፤ ከዚያም ስንጥቁ ይበየዳል። ብረቱ በዝገት ተበልቶ እንደ ወረቀት ከሳሳ ግን የተበላው ክፍል ተቈርጦ በልኩ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። በሳሳ ብረት ላይ መበየድ ቀዳዳ ማብዛት ነው። በብየዳውም ጊዜ በአንድ ስፍራ ረጅም መሥመር ከመሳብ ይልቅ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፥ በመካከሉም እያቀዘቀዙ መሄድ ይገባል፤ ሙቀት ከበዛ የበሩ ገጽ ይጣመማል። ከብየዳ በፊት ልባሱ፥ ላስቲኩና ማናቸውም ተቀጣጣይ ነገር ከአካባቢው መራቅ እንዳለበት መቼም አይረሳ።

አራተኛው የዝገቱ ሕክምና ነው። ልቅ የሆነው ዝገት በሽቦ ቡሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይወገዳል። በጥቃቅን ጕድጓዶች የቀረው ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት መድኃኒት ይቀባል፤ ይህም ዝገቱን ወደ ጠንካራ ፎስፌት ይለውጠዋል። ሲሠሩ ጓንትና መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው። ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም በውጭም በውስጥም ይቀባል። ውጩን ብቻ የቀባ ሰው ግማሹን ሥራ አልሠራም።

አምስተኛው፥ የሥራው ሁሉ ልብ የሆነው፥ የበስተኋላ ደጋፊ ሳንቃ ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት የእጅ መዳፍ ግማሽ የሚያህል ቍራጭ ይወሰዳል፤ የበሩን ቅርጽ እንዲከተል በመጠኑ ይታጠፋል፤ ጠርዙም ይለሰልሳል። በስፖኪዮው እግር ልክ ሁለት ቀዳዳ ይበሳና በስተኋላው ዳዶዎች ይበየዱበታል። ሳንቃው በበሩ ውስጥ ሲቀመጥ ቀድሞ በሁለት ነጥብ ላይ ያርፍ የነበረው ኀይል በሰፊ ገጽ ላይ ይከፋፈላል። በዚህ ጊዜ ላሜራው የሚሠራው በመካከል መጨበጥን ብቻ ነው፤ ኀይሉን የሚቀበለው ሳንቃው ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን በላሜራው ላይ የሚበሳው ቀዳዳ 6.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በዳዶ ፈንታ በወፍራም ብረት ላይ ጥርስ ማውጣት የሚሻ ሰው ደግሞ አስቀድሞ በ5 ሚሊ ሜትር ይበሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። መጀመሪያ፥ ከመብሳት በፊት የመስኮቱ መስተዋት እስከ ላይ ይውጣ፤ የትራፓኖው ጫፍ ላሜራውን ሲያልፍ መስተዋቱን እንዳያገኘው ነው። ሁለተኛ፥ ብሎኑ ከዳዶው አልፎ ብዙ አይውጣ። ሁሉ ከታሰረ በኋላ የመስኮቱን መስተዋት በቀስታ አውርዶና አውጥቶ የሚነካው ነገር እንደሌለ ማረጋገጥ ይገባል። ይህን ያልሞከረ ሰው ለስፖኪዮ ብሎ የመስኮት መስተዋት ይሰብራል።

ስድስተኛው መትከል ነው። በስፖኪዮው እግርና በቀለሙ መካከል የጎማ ጓርኒሲዮን መኖር አለበት። ይህ ጎማ ሁለት ሥራ አለው፤ ውሃ ይከለክላል፥ የብዙ አሮጌ ስፖኪዮዎች እግር የሚሠራበት የተለበጠ የዚንክ ድብልቅም የበሩን ብረት በቀጥታ እንዳይነካ ያደርጋል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በውሃ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እንደሚበላ የታወቀ ነው። ብሎኑ ላይ ጥቂት ግሪስ ማድረግ ለወደፊቱ መፍታትን ያቀላል። ማጥበቅ ግን በመጠን ይሁን፤ ጎማው ተጨፍልቆ እስኪወጣ የሚያጠብቅ ሰው የዚንኩን እግር ይሰነጥቀዋል። ከአንድ ሳምንት ጕዞ በኋላ እንደገና በመፍቻ ፈተሽ ማድረግ መልካም ነው። በመጨረሻም የበሩ ግርጌ የውሃ መውጫዎች በቀጭን ሽቦ ይጠረጉ።

በማጠፊያው ፒን ላይ የሚተከል መስተዋት ላላቸው ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። እዚያ መስተዋቱ ሲነቃነቅ በሩን ከፍቶ ከግርጌው ጥቂት ወደ ላይ ማንሣት ነው። በሩ ከፍ ዝቅ ካለ የተበላው ማጠፊያው ነው፤ መስተዋቱን ቢያጠብቁት አይረባም። ማጠፊያውን ዘይት ሳያጠጡ ዓመታት ማሳለፍ የዚህ ሁሉ መነሻ ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ሁሉም ሰው ትራፓኖና የብየዳ መሣሪያ ይኑረው አልልም። ነገር ግን መኪናችሁን ወደ ጋራዥ ስትወስዱ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ «የበሩን ልባስ ታወጣዋለህን? ከበስተኋላ ምን ታደርግበታለህ? የውስጡን ብረት ቀለም ትቀባዋለህን?» የእነዚህን መልስ የሰጠ ሠራተኛ ዋጋው ከፍ ቢልም ይገባዋል። በአንድ ሰዓት ጨርሶ በርካሽ የሚመልስላችሁ ግን የደበቀው እንጂ የጠገነው የለም።

የእኔ በር ሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ሽማግሌው ሲጨርሱ ክንዱን ይዘው መኪናዋን ወዘወዟት፤ መስተዋቱ ከመኪናዋ ጋር ተወዛወዘ እንጂ ብቻውን አልተነቃነቀም። «አሁን የመኪናዋ አካል ሆነ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ክረምቶች አልፈዋል፥ በዚያው በእንጦጦ ቁልቁለትም ብዙ ጊዜ ወርጃለሁ። ወደ ግራ ከመውጣቴ በፊት መስተዋቱን ባየሁ ቁጥር ያ ወጣት በውስጡ የሚመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ከመኪናችሁ ገብታችሁ ቁልፉን ሳታዞሩ፥ ነገ ጠዋት፥ ስፖኪዮውን በሁለት ጣት ነቅነቅ አድርጉት። ከተነቃነቀ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው መታየት መብቱ ነው፤ እርሱን ማየት ደግሞ የእናንተ ዕዳ ነው።